ያሸነፍከውን ለማውጣት መጀመሪያ ግብር ክፈል አሉኝ፤ ልክፈል?

ሾፌሩ ከፔካም (ጠያቂ)
ሰላም ወገኖች፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ነገሩን በአጭሩ ልንገራችሁ፤ ብቻ እባካችሁ ሳትሰድቡኝ መልሱልኝ።

የምኖረው ለንደን ነው። ማታ ማታ ታክሲ እነዳለሁ። ሥራ እስኪመጣ መኪና ውስጥ ቁጭ ስል ስልኬ ላይ ኦንላይን ካዚኖ እጫወታለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ስሎት (የማሽን ቁማር) ነው፣ አልፎ አልፎ ሩሌት። ከሦስት ሳምንት በፊት አንድ አዲስ ሳይት ላይ ተመዘገብኩ። 200 ፓውንድ ሳስገባ እነሱም 200 ቦነስ ጨመሩልኝ። ቦነሱን 40 ጊዜ ካላዞርክ፣ ማለትም 40 እጥፉን አስይዘህ ካልተጫወትክ፣ ማውጣት አትችልም ይላል። እንቅልፌን አጥቼ ጨረስኩት። አሁን ሂሳቤ ላይ 1,860 ፓውንድ ይታያል።

ላውጣ ስል ነው ጉዱ የመጣው። ፓስፖርት አሉኝ፣ ላክሁ። ፓስፖርቱን በእጅህ ይዘህ ፎቶ ተነሳ አሉኝ፣ ተነስቼ ላክሁ። የመብራት ቢልም ላክሁ። ከዚያ "ስምህ አይገጥምም" አሉ። ስመዘገብ የጻፍኩት የራሴንና የአባቴን ስም ነው። ፓስፖርቴ ላይ አያቴም አለ። ካርዱ ላይ ደግሞ ከአባቴ ስም አንድ ፊደል ጎድሏል፤ ባንኩ ያኔ ሲከፍትልኝ ያበላሸው ነው። ይህን ሳስረዳ ስምንት ቀን አለፈ።

ትናንት በቻት የመጣችው ልጅ "ስምህ ተስተካክሏል። አሁን የቀረህ 10 በመቶ ግብር ነው። 186 ፓውንድ ስታስገባ ገንዘብህ በ24 ሰዓት ይለቀቃል" አለችኝ። ካለው ላይ ቀንሱት አልኳት። "ሲስተሙ አይፈቅድም" አለች።

ልክፈል ወይስ ይቅርብኝ? 186 ከ1,860 አንጻር ብዙ አይደለም ብዬም አስባለሁ።

የቶተንሃሟ
የስሙ ነገር የሁላችን በሽታ ነው። እኔም ፈቃድ ባለው የቢንጎ ሳይት ላይ ደርሶብኛል። እነሱ የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም ነው ብለው ይይዙታል። አንዱ ቦታ አባትህ፣ ሌላው ቦታ አያትህ መጨረሻ ላይ ሲመጣ ኮምፒዩተሩ ሁለት ሰው ይመስለዋል። እኔ ከባንክ ስቴትመንትና ከካውንስል ታክስ ደብዳቤ ጋር "እኛ ጋ የቤተሰብ ስም የለም፣ የአባትና የአያት ስም ነው" የሚል አጭር ኢሜል ላክሁላቸው፣ በሁለት ቀን አለቀ። አንድ ሳንቲም አልጠየቁኝም። ስለዚህ ስሙ አያሳስብህ። እኔን ያሳሰበኝ ግብሩ ነው።

ካርታ አዳዩ
ዘጠኝ ዓመት እዚሁ ለንደን ካዚኖ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ሠርቻለሁ። ቆሜ ካርታ ስሰጥ፣ ሩሌት ሳሽከረክር ነው የኖርኩት። እንግሊዝ አገር ተጫዋች ባሸነፈው ላይ ግብር አይከፍልም። ግብሩ የካዚኖው ዕዳ ነው። አምስት ፓውንድም አሸንፍ፣ አምስት መቶ ሺም፣ ያው ነው። ስለዚህ "ግብር" ያለችህ ነገር የለም። እንዳትከፍል። ብትከፍል ነገ "የማስተላለፊያ"፣ ከነገ ወዲያ "የኢንሹራንስ" ይሉሃል።

ሌላም ልንገርህ፣ ስለ ቦነሱ። 200 ፓውንድ 40 ጊዜ ማለት 8,000 ፓውንድ ማስያዝ ማለት ነው። ስሎቱ ከመቶ 96 ይመልሳል እንበል፤ ይህ መጥፎ ከሚባሉት አይደለም። ከ8,000ው 4 በመቶ ቤቱ ይበላል። 320 ፓውንድ ነው። 200 ሰጥተውህ በአማካይ 320 ይወስዱብሃል፤ ስጦታው ይሄ ነው። በ2 ፓውንድ ከተጫወትክ ደግሞ 4,000 ጊዜ መጫን አለብህ። አንተ ይህን ሁሉ አልፈህ 1,860 ላይ ከደረስክ ወይ ዕድልህ ልዩ ነው፣ ወይ ቁጥሩን ለማጓጓት የጻፉት ነው። ሁለተኛው ይመስለኛል። ስክሪን ላይ ያለ ገንዘብ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ደግሞ ደንቡን አንብበው። ቦነስ ላይ እያለህ በአንድ ጊዜ ከ5 ፓውንድ በላይ ካስያዝክ ያሸነፍከው ይሰረዛል የሚል ነገር አይጠፋውም።

ሾፌሩ ከፔካም
አሁን አየሁት፣ አለ። አንድ ሁለት ጊዜ በ10 ተጫውቻለሁ። ከታች ግን የፈቃድ ማኅተም አለው፣ የኩራሳዎ (የካሪቢያን ደሴት ናት) ይላል። ሳይቱም በፓውንድ ነው፣ ቻቱም እንግሊዝኛ ነው። ለዚያ ነው ያመንኩት።

ባንክ ቤት ነኝ
ሁለት ጥያቄ ልጠይቅህ። ገንዘቡን ያስገባኸው በዴቢት ነው በክሬዲት ካርድ? መታወቂያስ የጠየቁህ ከመጫወትህ በፊት ነው ወይስ ላውጣ ስትል?

ሾፌሩ ከፔካም
በክሬዲት ካርድ። መታወቂያ የጠየቁኝ ላውጣ ስል ነው።

ባንክ ቤት ነኝ
በቃ፣ መልሱን አንተው ሰጠኸው። ይህ ሳይት የእንግሊዝ ፈቃድ የለውም። እዚህ አገር ፈቃድ ያለው ማንኛውም ሳይት ከኤፕሪል 2020 ጀምሮ ክሬዲት ካርድ መቀበል ክልክል ነው። ከሜይ 2019 ጀምሮ ደግሞ ስምህን፣ አድራሻህንና ዕድሜህን ሳያጣራ አንድ ጨዋታ እንኳ ማስጀመር አይችልም። ቀድሞ መጠየቅ ይችል የነበረውን ወረቀት ገንዘብህን ስታወጣ አምጣ ማለትም አይፈቀድለትም። የአንተው ሁሉንም ገልብጦ ነው ያደረገው።

ለማረጋገጥ የቁማር ኮሚሽኑ ዌብሳይት ላይ ለሕዝብ ክፍት መዝገብ አለ። የሳይቱን አድራሻ ጻፍበት። ከሌለ የለም ነው። ማኅተምማ ፎቶ ነው፣ ማንም ይለጥፈዋል። እስቲ ጫነው፣ የፈቃድ ሰጪው ገጽ ይከፈታል?

አንድ ነገር ጨምር። የካርድህን ስቴትመንት ክፈትና ያቺ 200 ፓውንድ በማን ስም እንደወጣች እየኝ።

ሾፌሩ ከፔካም
መዝገቡ ላይ የለም። ማኅተሙን ስጫነው ተመልሶ እዚያው ገጽ ላይ ይከተኛል። ስቴትመንቱ ደግሞ አስቆኛል፤ በካዚኖ ስም አይደለም፣ የጫማ መሸጫ የሚመስል ስም ነው።

ባንክ ቤት ነኝ
አያስቅም። ቁማር ነው ብለው ቢልኩት ካርዱ እንዳይከለክለው ነው ጫማ ያደረጉት። ለአንተ ግን ይጠቅምሃል። ያንን መስመር ፎቶ አንሳና አሁኑኑ 159 ደውል። ከባንክህ የማጭበርበር ክፍል ጋር የሚያገናኝ ቁጥር ነው። ሦስት ነገር ንገራቸው፦ ካርዱ ይቀየር፣ ክፍያው በሐሰተኛ ስም ነው የወጣው፣ ሻጩ ተጨማሪ ክፍያ እየጠየቀኝ ነው። 200ው ይመለሳል ብዬ ተስፋ አልሰጥህም። "ተጫውተህበታል" ብለው ሊከራከሩህ ይችላሉ። የጫማው ስም ግን ክርክሩን ያግዝሃል።

የላክሃቸው ፓስፖርት ከ1,860ው በላይ ያሳስበኛል። ፓስፖርት ይዞ የተነሳ ፎቶ፣ የመብራት ቢል፣ ይህ በስምህ ብድር ለመክፈት በቂ ነው። ሲፋስ የሚባል ድርጅት አለ። እዚያ ከተመዘገብክ በስምህ ብድር ሲጠየቅ አበዳሪው ተጨማሪ ማጣሪያ ያደርጋል። የክሬዲት ሪፖርትህንም በየወሩ እየው።

ቻቱን እንዳትዘጋ። አትሳደብም፣ አትከራከርም። መጀመሪያ ሁሉንም ስክሪን ሾት አድርግ፤ ነገ ሳይቱ ሊጠፋ ይችላል።

ጆከር
ቁማርተኛ ሲበላ ነው ወገን ትዝ የሚለው። ይገባሃል።

ካርታ አዳዩ
ጆከር፣ ሳትሰድቡኝ ብሎ ጀምሯል እኮ። ማንበብ ካልቻልክ እኛ እናንብብልህ።

አንድ ያልጠየቅንህ ነገር አለ ወንድሜ። እዚህ አገር በየአውቶቡሱ የሚተዋወቅ ፈቃድ ያለው ሳይት ሞልቷል። አንተ ይህን ከየት አመጣኸው?

ሾፌሩ ከፔካም
እውነቱን ልናገር። ባለፈው ዓመት ጋምስቶፕ ላይ፣ ሰው ራሱን ከቁማር ሳይቶች የሚያዘጋበት መዝገብ ነው፣ ራሴን አዘግቻለሁ። አምስት ዓመት ብዬ። ሁለት ወር ደህና ነበርኩ። ከዚያ አንድ ሌሊት ሂትሮው ተሳፋሪ ስጠብቅ "ጋምስቶፕ የሌለባቸው" ብዬ ስልኬ ላይ ፈለግሁ። ዝርዝሩ ኮከብ ኮከብ እየተሰጠው መጣ። የመጀመሪያውን ነው የነካሁት። ባለቤቴ የተዘጋ ነው የሚመስላት።

ካርታ አዳዩ
ይሄው ነው። ጋምስቶፕ የሚዘጋው የእንግሊዝ ፈቃድ ያላቸውን ብቻ ነው። እነዚህ ደግሞ ገበያቸው አንተ ነህ፤ ራሱን ያዘጋ ሰው። ተበልቶ እንኳ አቤት ለማለት እንደሚያፍር ያውቃሉ። ጠረጴዛ ላይ ስሠራ ተከልክሎ በር ላይ የሚመለስ ሰው አይቻለሁ። ጠባቂው ክንዱን ይዞ ታክሲ ይጠራለት ነበር። ስልክ ላይ ጠባቂ የለም።

ጋምባን የሚባል አፕ ጫን። ስልክህ ላይ የውጭዎቹንም ሳይቶች ይዘጋል። ቁማር ላስቸገረው ሰው የሚረዳው ድርጅት ጋምኬር ጋ ከደወልክ በነፃ ያሰጡሃል፤ 0808 8020 133፣ ሌሊትም ይመልሳሉ። ለሹፌር የሚሆን ሰዓት ነው። ባንክህንም የቁማር ክፍያ እንዲዘጋ ጠይቅ። ጫማ ነኝ የሚለውን ሁሉ ላይይዝ ይችላል፣ ግን አንድ በር ነው።

የቶተንሃሟ
ከባለቤትህ ጉዳይ ልገባ አይደለም። ግን እኔ የባሌን የሰማሁት ከእሱ አፍ አይደለም። ጠዋት ልጆች ላደርስ ስወጣ ምንጣፉ ላይ የወደቀ የባንክ ደብዳቤ ከፍቼ ነው። ከገንዘቡ ይልቅ ያ ደብዳቤ ነው ያመመኝ። ካርድህ ሲቀየር ፖስታ ወደ ቤት ይመጣል። ከፖስታው ቅደም።

ሾፌሩ ከፔካም
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ዛሬ ጠዋት 159 ደወልኩ። ካርዱ ተሰርዟል። የ200ውን ቅሬታ ተቀብለዋል፤ መልሱን በደብዳቤ እንልካለን አሉ። የጫማ ቤቱን ስም ስነግራት ልጅቷ "ይህን ስም እናውቀዋለን" አለችኝ። ለባለቤቴ ትናንት ማታ ነገርኳት። ስለ እሱ አላወራም። ጋምባን ጭኛለሁ።

ቻቱን ሳልመልስላቸው ትቼው ነበር። አሁን ኢሜል መጣ። "ለውድ ደንበኛችን፣ ለዛሬ ብቻ ግብርዎን ከ186 ወደ 120 ፓውንድ ዝቅ አድርገናል።"

ካርታ አዳዩ
ኧረ እስከ ማታ ጠብቅ፣ በነፃም ይሉሃል። እንዲህ ዓይነት ቸር ግብር ሰብሳቢ ለአገራችንም በሰጠን።