ባለቤቴ የአሜሪካ ጦር ወታደር ነበር፤ የተቀበረው ሐዋሳ ነው። ለሟች ወታደር የሚሰጠው የአሜሪካ ባንዲራና የመቃብር ድንጋይ ይገባው ይሆን?

የአቶቴዋ

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከሐዋሳ ነው። ነገሩን የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ መልሱልኝ።

ባለቤቴ በወጣትነቱ ዲቪ ደርሶት አሜሪካ ሄደ። እዚያ ጦሩን ተቀላቅሎ 8 ዓመት አገለገለ። ኢራቅ ሁለት ጊዜ ዘምቷል፤ ዜግነቱንም ያገኘው በውትድርናው ላይ እያለ ነው። በኋላ አገሩ ናፈቀውና ጠቅልሎ መጣ። ተጋባን፣ አሁን 8 ዓመት የሆናት ሴት ልጅ አለችን። ለጉልበቱና ለጆሮው ከአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች መሥሪያ ቤት (ቪኤ ይለው ነበር) በየወሩ አበል ይገባለት ነበር።

አምና የኩላሊት ካንሰር ተገኘበት። ብዙም አልቆየልኝም። ጥር 12 ቀን 2017፣ በቃና ዘገሊላ፣ ታቦት የሚሸኘው ሕዝብ እልልታ እየተሰማ አረፈ።

እድራችንን እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሌሊቱን ድንኳን ተከሉ፣ ሣጥን ገዙ፣ ሦስት ቀን ከአጠገቤ አልተለዩም። የጎደለብኝ ነገር የለም። አንድ ነገር ብቻ ውስጤን ይበላኛል። እሱ ሁልጊዜ «እኔ ስሞት ባንዲራዋን በሦስት ማዕዘን አጣጥፈው እጅሽ ላይ ያስቀምጡልሻል» ይለኝ ነበር። እኔ ደግሞ «ሟርትህን ተው» እያልኩ አፉን እይዘው ነበር። በዚያ ቀን ማን ጋ እንደምደውል እንኳ አላውቅም ነበር። ያለ ባንዲራ ቀበርነው።

መቃብሩ ላይ እስካሁን ያለው የእንጨት መስቀል ነው። የዘንድሮ ክረምት ቀለሙን አጥቦት የአባቱ ስም ጠፍቷል፤ የቀረችው የመጀመሪያዋ ፊደል ናት። ልጄ ለመስቀል ሄደን አይታው «አባዬ ስሙ ለምን ተቆረጠ?» አለችኝ።

ወረቀቶቹን በሰማያዊ ፕላስቲክ ማኅደር ቁም ሣጥኑ ውስጥ አስቀምጦልኛል። ዲዲ 214 የሚባለው አለ። የጋብቻ ወረቀታችንና ከወሳኝ ኩነት ያወጣሁት የሞት ምስክር ወረቀትም አለኝ። ፎርም ይሞላል የተባለ አንድ ሰው ጋ ሄጄ ነበር። 40 ሺህ ብር ጠየቀኝ፣ «ዋናውን ወረቀት እዚሁ ተይው» አለኝ። አልሰጠሁትም።

ለሙት ዓመቱ ድንጋዩን ማስተከል እፈልጋለሁ። እዚህ ስለተቀበረ መብቱ ቀረ ማለት ነው? ባንዲራውስ ከስምንት ወር በኋላ ይጠየቃል?

ወንድም ከሜሪላንድ

እህቴ፣ ነፍስ ይማር። እግዚአብሔር ያጽናሽ።

እኔም እዚያው ጦር ውስጥ ነበርኩ። በመጀመሪያ ያንን ወረቀት ያለመስጠትሽ ትልቅ ነገር ነው። ዲዲ 214 ማለት የአገልግሎት መሸኛው ነው፤ ሁሉም በር የሚከፈተው በሱ ነው። ኮፒ አንሺ፣ ዋናውን ለማንም አትስጪ። ደግሞ ለዚህ ማመልከቻ ገንዘብ አይከፈልም። አሜሪካን ሊጅን፣ ዲሳብልድ አሜሪካን ቬተራንስ የሚባሉ የቀድሞ ወታደሮች ማኅበራት ዕውቅና ያላቸው ሰዎች አሏቸው፤ በነፃ ይሞሉልሻል። በኢሜይልም ያናግሩሻል።

ባንዲራው አልቀረም። ከቀብር በኋላም ይጠየቃል። የፎርሙ ቁጥር 27-2008 ነው። አሜሪካ ያለ ዘመድ ፎርሙንና የዲዲ 214 ኮፒ ይዞ ፖስታ ቤት ሄዶ ይቀበልልሻል። ለአንድ ሟች የሚሰጠው አንድ ብቻ ነው፤ ቢጠፋ አይተካም። ስለዚህ በሻንጣ የሚያመጣልሽን ሰው ምረጪ። በጣም ትልቅ ባንዲራ ነው፣ ሣጥኑን ሙሉ የሚያለብስ፤ ርዝመቱ ወደ 3 ሜትር ይጠጋል። ሲታጠፍ ግን እንዳለው ሦስት ማዕዘን ሆኖ ብብት ውስጥ ይገባል። እኔ የጓደኛዬን ባንዲራ ለእናቱ ወስጄ ሰጥቻለሁ። ተቀብለው ደረታቸው ላይ አድርገው ብዙ ሳይናገሩ ቁጭ አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህን ነገር ለሚጠይቀኝ ሁሉ እመልሳለሁ።

ድንጋዩም ወታደሩ የትም አገር ቢቀበር ይሰጣል። ፎርም 40-1330 ነው። ድንጋዩም ማጓጓዣውም ነፃ፣ ማስተከያው ግን በቤተሰብ ነው። የቆመው የእብነ በረድ ዓይነት ከ100 ኪሎ በላይ ይመዝናል። የኔን ምክር ከሰማሽ የነሐሱን ጠፍጣፋ ጠይቂ፤ 61 በ30 ሴንቲ ሜትር ነው፣ 8 ኪሎ አካባቢ። የአካባቢው ግንበኛ ሲሚንቶ ላይ ይተክልልሻል። ስሙ፣ ማዕረጉ፣ የተወለደበትና የሞተበት ቀን ይጻፍበታል፤ መስቀልም ታስደርጊያለሽ። አንድ ነገር ልብ በይ፦ የፖስታ ሣጥን ቁጥር አይቀበሉም። ዕቃውን የሚረከበው ሰው አድራሻና ስልክ በግልጽ ይጻፍ። እኛ አገር ሁሉም ነገር በፖስታ ሣጥን ስለሆነ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል።

የፕሬዚዳንቱ ፊርማ ያለበት የመታሰቢያ ምስክር ወረቀትም አለ። ኬኔዲ በ1962 የጀመሩት ነው። በነፃ ነው፣ ከአንድ በላይ ቅጂም ይሰጣሉ። ለልጅሽ አንድ ለብቻዋ አውጪላት።

የአዳማዋ እናት

ልጄ፣ አይዞሽ። የኔ ባለቤት የአገራችን ሠራዊት ነበሩ፤ ስለ አሜሪካው አላውቅም። እኛ ጋ ከጡረታቸው ግማሹ ለሚስት፣ ለእያንዳንዱ ልጅ ደግሞ 20 በመቶ ይቆረጣል። እኔ ግን ኀዘን ላይ ነኝ ብዬ ቤት ተቀምጬ ብዙ ወር አሳለፍኩ። «ባሌን በገንዘብ ቀየረችው» የሚሉኝ እየመሰለኝ አፍሬም ነበር። አንቺ እንዳታፍሪ። እሱ ላቡን ያፈሰሰበት ነው፤ የልጁ ነው። የሞት ምስክር ወረቀቱን ማውጣትሽ ብልህነት ነው፤ እኔ እሱን እንኳ ዘግይቼ ብዙ ተንከራትቻለሁ።

ነርስ ነኝ

እህት፣ ሁላችንም ስለ ባንዲራና ድንጋይ ስናወራ አንድ ትልቅ ነገር እንዳያልፈን። የኩላሊት ካንሰር ብለሻል። ኢራቅ ዘምቷል ብለሻል።

ኦገስት 2022 የወጣ ፓክት አክት የሚባል ሕግ አለ። ጦሩ ቆሻሻ ሲያቃጥልባቸው ከነበሩት ጉድጓዶች ጭስ የተነሣ የሚመጡ ሕመሞችን ዘርዝሯል። ኢራቅ ያገለገለ ሰው በዝርዝሩ ያለ ሕመም ከያዘው ከአገልግሎቱ የመጣ ነው ተብሎ ይያዛል፤ ጭሱ ነው ያሳመመው ብለሽ ማረጋገጥ አይጠበቅብሽም። የኩላሊት ካንሰር ዝርዝሩ ውስጥ አለ።

ይህ ሁለት ነገር ይቀይራል። አንደኛ የቀብር ወጪው። ሞቱ ከአገልግሎቱ ጋር ካልተያያዘ ባለቤትሽ ባረፈበት ጊዜ ተመን ለቀብር 978፣ ለመቃብር ቦታ 978 ዶላር ነው፤ ከተያያዘ ግን እስከ 2,000 ዶላር ነው። ሁለተኛው ዋናው ነው። ዲአይሲ የሚባል የሚስት አበል አለ። በ2025 ተመን በወር 1,653 ዶላር ነበር፤ ለልጅ ተጨማሪ አለው። ቢያንስ አንድ ዓመት በትዳር የቆየች ወይም ልጅ የወለደችለት ሚስት ትጠይቃለች። ፎርሙ 21P-534EZ ነው።

አሁን ቀኑን ስሚኝ። በሞተ በአንድ ዓመት ውስጥ ካመለከትሽ ክፍያው ከሞተበት ወር ጀምሮ ይታሰባል። ካለፈ ካመለከትሽበት ጊዜ ነው የሚጀምረው። ለሙት ዓመቱ ብለሽ የቆረጥሽው ቀን ራሱ የማመልከቻሽም የመጨረሻ ቀን ነው። ወረቀቱ ካልተሟላልሽ 21-0966 የሚባል «ላመልክት አስባለሁ» የሚል ፎርም አስቀድመሽ ላኪ። እሱ ቀኑን ይይዝልሻል።

ሆስፒታል ሄደሽ ሙሉ የሕክምና ማስረጃ አውጪ። የሞት ምስክር ወረቀትሽ ላይ የሞት ምክንያት መጻፉን እዪ፤ ካልተጻፈ የሐኪሙ ማስረጃ ነው የሚያድንሽ። የምርመራው ውጤት፣ «የኩላሊት ካንሰር» የሚለው ቃል፣ ማኅተም፣ ፊርማ፣ ሁሉም ይኑር። ባለቤትሽ የአሜሪካ ዜጋ ስለነበር አዲስ አበባ ያለው ኤምባሲም በውጭ አገር ስለሞተ ዜጋ የሚሰጠው የራሱ ሰነድ አለው። እሱንም ጠይቂ።

ከሞተ በኋላ ሒሳቡ ውስጥ የገባ የቪኤ ገንዘብ ካለ ደግሞ አትንኪው። መልሰው ይጠይቁታል። የሞተበት ወር ክፍያ ግን ለሚስት ስለሚገባ መሞቱን ስታሳውቂ አንሺባቸው።

የአቶቴዋ

ምን ብዬ ላመስግናችሁ። ሌሊቱን ደጋግሜ አነበብኩት።

ስለ ካንሰሩ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ስለዚያ ጭስ እሱ ራሱ ነግሮኝ ያውቃል። ጠረኑ ልብሱ ላይ ታጥቦም አይለቅም ይለኝ ነበር። እኔ የወታደር ወሬ ነው ብዬ ነው የሰማሁት። ከሕመሙ ጋር አያይዤው አላውቅም።

ዛሬ ጠዋት ሆስፒታሉ መዝገብ ቤት ሄድኩ። ካርዱ ተገኝቷል። ሐኪሙ ሐሙስ ስለሚገቡ ያን ቀን ማስረጃውን ይጽፉልኛል ተብያለሁ። የሞት ምስክር ወረቀቱ ላይ ምክንያቱ የለም፤ እንዳልሽው ነው። «ላመልክት አስባለሁ» የሚለውን ፎርም የእህቴ ልጅ ሞልታልኝ ዛሬ ማታ ይላካል።

ቨርጂኒያ ያለው ወንድሙ ጋም ደወልኩ። ዝም አለኝ። ከዚያ «ነገ ከሥራ በፊት ፖስታ ቤት እሄዳለሁ» አለ። ለገና ይመጣል፤ ባንዲራውን በእጅ ሻንጣው ይዞ ይመጣል።

የአዳማዋ እናቴ፣ እውነት ነው፣ አፍሬ ነበር። ነገሩን ለእድሩ ሰብሳቢ ነገርኳቸው። ለሙት ዓመቱ ባንዲራውን እሳቸው እንዲያስረክቡኝ ለመንኳቸው፤ እሺ አሉኝ። በወጣትነታቸው እሳቸውም ወታደር ነበሩ። አጣጣፉን ከወንድሙ እማራለሁ ብለዋል።

ለነሐሱ አድራሻ የግንበኛውን ሱቅ ጻፍኩ፣ ከነስልኩ። ስሙን ከነአባቱና ከነአያቱ ሙሉውን ነው የሞላሁት። ልጄ አጠገቤ ሆና ፊደሎቹን እየቆጠረች አረጋግጣልኛለች።