ለስኪዞፍሬኒያ ሆሚዮፓቲ ያዋጣል?

እህቱ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ ወንድሜ ስኪዞፍሬኒያ የሚባል የአእምሮ ሕመም አለበት። ኦላንዛፒን የሚባለውን መድኃኒት ከጀመረ ወዲህ ይሰሙት የነበሩት ድምፆች ጠፍተውለታል። ግን በጣም ወፈረ፣ እስከ እኩለ ቀንም ይተኛል። "መድኃኒቱ ሰውነቴን ቀማኝ" ይላል። በቅርቡ አክስታችን ሆሚዮፓቲ የሚባል አማራጭ ሕክምና የሚሠራ ሰው ጋ ወሰደችው። ሰውየው ከአንድ ሰዓት በላይ አዋራው፤ ሕልሙን ሳይቀር ጠየቀው። ከዚያ ነጫጭ እንክብሎች ሰጥቶ "ኬሚካሉን ቀስ እያልክ ትተወዋለህ" አለው። ወንድሜ ደስ ብሎታል። እኔ ግን ፈራሁ።

ፋርማሲስት ነኝ፦
እህቴ፣ ፍርሃትሽ ልክ ነው። ማሸጊያው ላይ "30ሲ" የሚል ካለ መነሻው ነገር በመቶ እጥፍ 30 ጊዜ ተበርዟል ማለት ነው። ከ12ኛው በኋላ አንዲት ሞለኪውል እንኳ መትረፏ ያጠራጥራል። እኔን የሚያስጨንቀኝ እንክብሉ ሳይሆን ኦላንዛፒኑን መተዉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ የብዙ ጥናቶች ግምገማ አለ። በአንድ ዓመት ውስጥ መድኃኒታቸውን ከቀጠሉት 27 በመቶው፣ ወደ ባዶ እንክብል ከተዛወሩት ግን 64 በመቶው አገርሽቶባቸዋል።

ከበሽታው ጋር የምኖር፦
እህት ዓለም፣ ወንድምሽን "ተታለልክ" አትበይው። ደስ ያለው እኮ ቁጭ ብሎ የሰማው ሰው ስላገኘ ነው! የሐኪም ቀጠሮ ስንት ደቂቃ እንደሆነ እኛ እናውቃለን። መድኃኒት ሳቋርጥ እኔን መጀመሪያ የሚከዳኝ እንቅልፍ ነው። ቀጥሎ ዜና አንባቢዋ ለእኔ ብቻ የምታወራ ይመስለኛል። ያኔ ደግሞ "ታመሃል" ብትሉኝ አላምንም። ክፋቱ እዚያ ላይ ነው።

እኔም በኦላንዛፒን ወፍሬ ነበር። "ወፈርኩ" ስል ማንም አልደነገጠም። "ሱሪዎቼ በሙሉ አልገባ አሉኝ፣ በዚህ ከቀጠለ መድኃኒቱን መዋጥ ይከብደኛል" ብዬ በወረቀት ጽፌ ስሰጥ ሐኪሜ ቀና አለ። የደም ስኳርና ቅባት አስመረመረኝ። ከዚያ አንዱን እየቀነሰ ሌላውን እየጨመረ አሪፒፕራዞል ወደሚባል ሌላ መድኃኒት አዛወረኝ። ወንድምሽ በራሱ አፍ ይናገር፤ አንቺ አጠገቡ ሁኚ።

እህቱ፦
ተባረክ። ቀጠሮውን ላስቀድምለት ነው። እስከዚያ እንክብሎቹን ልቀማው?

ፋርማሲስት ነኝ፦
አትቀሚው፣ ይጣላሻል። ኦላንዛፒኑን እስካላቋረጠ ድረስ ያቆያቸው። ማሸጊያውን ግን ለሐኪሙ አሳዩት፤ ብዙ ያልተበረዘ ከሆነ ውስጡ ያለውን ማወቅ አለበት። እንቅልፉን በተመለከተ፣ የሚውጥበትን ሰዓት ወደ ማታ ማዞር ይቻል እንደሆነ ጠይቁት። እንቅልፍ ማጣት ከጀመረ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቂ ውሰጂው።