አስቸኳይ፦ ፓርከር 51 ማለት የ1951 ሥሪት ነው?

ባለብዕሩ፦
እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። የአባቴ ፓርከር ብዕር ቀለም መሳብ አቆመ፤ የሳበችውን ጥቂትም ጣቴ ላይ ትተፋለች። ወንድሜ ዋሽንግተን መለዋወጫ ሻጭ ዘንድ ቆሞ «የስንት ዓመት ሥሪት ናት?» ይለኛል። 51 ትላለች። 1951 ልበለው?

ቀለም ቀንድ፦
እንዳትለው! ፓርከር የተመሠረተው በ1888 ነው። ብዕሩ የተሠራው በ1939፣ ኩባንያው 51ኛ ዓመቱን በያዘበት ጊዜ ስለሆነ ነው ስሙ፤ ገበያ የወጣው ደግሞ በ1941፣ ሁሉም በፈረንጅ አቆጣጠር። ፓርከር 75 እንዲሁ የ75ኛ ዓመት መታሰቢያ ነው። ፓርከር 45 ግን ከዕድሜ ጋር አይገናኝም፤ ቀለሙ እንደ ጥይት በቀለህ ስለሚገባ ኮልት 45 በተባለው ሽጉጥ ተሰየመ።

ሰዓት ሠሪ፦
ውኃ ውስጥ ዘፍዝፋት፣ ትደር።

የቢሮ ሰው፦
እስክሪብቶ ጠፍቶ ነው ይህ ሁሉ ጭንቀት?

የድሮ ተማሪ፦
ስለ ስም ከተነሣ ሞንብላን 149 የተባለው ብዕር ይበልጣል። 1 የምርጥ ሥራዎቹ ተርታ፣ 4 በፒስተን የሚሞላ፣ 9 የጫፉ መጠን ነው። ጫፉ ላይ የሚቀረጸው 4810 ደግሞ የሞንብላን ተራራ ከፍታ በሜትር ነው። ይህን ሳያውቁ በኪሳቸው የሚይዙት ብዙ ናቸው።

ባለብዕሩ፦
ወንድሜ ቆሟል እኮ!

አሮጌ ዕቃ፦
ሻጩም አንተም ዓመቱን ተዉት፤ ወሳኙ አሞላሉ ነው። የኋላውን ቀፎ ፍታ። በብረት የተሸፈነ ከረጢትና በጣት የሚጫን ሸንተረራማ ዘንግ ካገኘህ በፈረንጅ ከ1948 ወዲህ የወጣው ነው። ቀፎው ሳይሆን ከኋላ ጫፉ ላይ ያለችው ትንሽ ክዳን ተፈትታ ከሥሯ ወደ ታች የሚገፋ ዘንግ ከወጣ የቀድሞው ነው፤ የእርሱ የጎማ ድያፍራም (ቀለም የሚስበው ስስ ጎማ) ይሰነጠቃል። የአንዱ መለዋወጫ ለሌላው አይሆንም።

ሰዓት ሠሪ፦
አልኩህ እኮ፣ ዘፍዝፋት። የፈላ ውኃ ግን እንዳትነካ።

ባለብዕሩ፦
ተፈታ! ብረት አላት። «ዘንጉን 6 ጊዜ አጥብቀህ ተጫን» የሚል እንግሊዝኛ ተቀርጾባታል።

አሮጌ ዕቃ፦
እንግዲያው ወንድምህ ምንም አይግዛ። የእርሷ ከረጢት በቀላሉ አይበላሽም፤ የደረቀ ቀለም ይሆናል የዘጋት። እስከ አንገቷ ዘፍዝፋት፤ ነገ ጠዋት ንጹሕ ውኃ እየሳብክ ጠርቶ እስኪወጣ አፍስስ። እሺ?

የቢሮ ሰው፦
ወንድምዬው ሳይከፍል አልቀረም።

የድሮ ተማሪ፦
ፓርከር 61 ያለው ሰው አለ? የእኔም አልሞላ ብሎኛል።