የአያቴን ዘመን ባቡር ለማስጠገን ገንዘብ መሰብሰቡን ከምን እንጀምር?

የባቡረኛው የልጅ ልጅ፣ ደብረ ብርሃን

አያቴ ድሬዳዋ በምድር ባቡር እሳት አንዳጅ ነበሩ። ጡረታ ወጥተው ወደ ትውልድ አገራቸው ወደ ደብረ ብርሃን ሲመለሱ ይዘውት የመጡት አንድ የቆርቆሮ ሣጥንና ክንዳቸው ላይ የቀረ የቃጠሎ ጠባሳ ነው። በኅዳር ብርድ እሳት ዳር ተቀምጠው የባቡሩን አተነፋፈስ በአፋቸው ያሰሙን ነበር፤ ዳገት ሲወጣ አንድ ዓይነት፣ ሜዳ ሲያገኝ ሌላ ዓይነት።

አሁን እኔና ሦስት የባቡረኛ ልጆች ከእርሳቸው ዘመን የቀረ አንድ የእንፋሎት ባቡር ለማስጠገን ተነሥተናል። አምና ሄጄ አየሁት። መንኰራኩሩን ሣር ውጦታል፤ የምድጃው በር የለም። የነካሁበት ዝገት መዳፌ ላይ ቀረ፤ ማታ ስታጠብ አለቀስኩ።

ያሰብነው በቴሌብር መዋጮ መሰብሰብና የመንዝ ባና አሠርተን ዕጣ ማውጣት ነው። ብዙ ሰው ግን «ሐዲድ በሌለበት ከተማ ባቡር ምን አገባችሁ?» ይለናል። ይህ ያንገበግበኛል። በ1886 ዓ.ም. ከዐፄ ምኒልክ የባቡር መንገድ ፈቃድ የተቀበለው ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ መጀመሪያ በ1871 ዓ.ም. የመጣው ያኔ የሸዋ ንጉሥ ወደነበሩት ምኒልክ፣ እዚሁ አጠገባችን ወዳለው አንኮበር ነው። ታዲያ እኛን እንዴት አያገባንም?

ሰው አምኖን እንዲሰጠን ከምን እንጀምር?

ጡረተኛ መካኒክ፣ ሸዋ ሮቢት

ልጄ፣ ከመለመንሽ በፊት የምትለምኚበትን ነገር ለይተሽ እወቂ። ሠላሳ ዓመት የፋብሪካ ቦይለር፣ ማለትም ውኃ አፍልቶ እንፋሎት የሚያወጣው ጋን ላይ ሠርቻለሁና ስሚኝ። ባቡሩን ዝገቱን አራግፎ፣ ቀለም ቀብቶና ጣራ ሠርቶ ለጎብኚ ማቆም አንድ ሥራ ነው። እሳት ለኩሶ ማስኬድ ፈጽሞ ሌላ ሥራ ነው፤ ወጪውም አይቀራረብም።

ለማስኬድ ቦይለሩ መመርመር አለበት። የብረቱ ውፍረት በድምፅ ሞገድ መሣሪያ ይለካል፤ የተበሉት የጭስ ቱቦዎች ወጥተው ይቀየራሉ። ከዚያም እሳት ሳይነካው ውኃ ተሞልቶ ከሚሠራበት ግፊት በላይ ይፈተናል። በውኃ የሚፈተንበት ምክንያት አለው፤ ውኃ እንደ እንፋሎት ስለማይታመቅ ብረቱ ቢሰነጠቅ ያፈሳል እንጂ አይፈነዳም። በእንፋሎት ላይ የመጣ ስንጥቅ ግን ሰው ይጨርሳል። የባልደረባዬን ፊት ያጠፋ እንፋሎት አይቻለሁና እዚህ ላይ አልለሳለስም።

ወጣቶችንም መፋቂያ አስይዛችሁ እንዳታሰማሩ። በዚያ ዘመን ቦይለር ሙቀት እንዳያመልጥ አስቤስቶስ በሚባል የቃጫ ማዕድን መሸፈን የተለመደ ነበር፤ ብናኙ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ከብዙ ዓመት በኋላ ይገድላል። መጀመሪያ ባለሙያ ይየው።

ሐዲዱንም አስቢ። የአያትሽ መስመር ስፋቱ 1 ሜትር ነው፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የጂቡቲ መስመር ግን 1 ሜትር ከ43.5 ሳንቲ ሜትር ነው። ባቡራችሁ ቢነሣም በአዲሱ ላይ አይሄድም። «አዲስ አበባ ድረስ እናመጣዋለን» ብላችሁ ለሰው ቃል እንዳትገቡ።

እኔ ብሆን የመጀመሪያውን መዋጮ ለምርመራው ብቻ እጠይቃለሁ። ኤርትራውያን ከነጻነት በኋላ የአስመራ ምጽዋን መስመር ሲጠግኑ ሥራውን የሚያውቁትን ያረጁ ጡረተኞች ከየቤታቸው ጠርተው ነበር። እናንተም በሕይወት ያሉትን ባቡረኞች ዛሬውኑ ፈልጉ፤ ገንዘቡ ይቆያል፣ እነርሱ ግን አይቆዩም።

የሒሳብ ሠራተኛ፣ ደብረ ሲና

እኔም አንድ ጊዜ ለመንደር መንገድ አዋጥቼ ደረሰኝ ሳላገኝ ቀርቻለሁ፤ መንገዱም አልተሠራም። ከዚያ ወዲህ ወረቀት ሳላይ ሳንቲም አልሰጥም፤ እንደ እኔ ያለ ሰው ብዙ ነው። ስለዚህ የባቡሩ ባለቤት የሆነው መሥሪያ ቤት የሰጣችሁን ደብዳቤ መጀመሪያ አሳዩን። በአዋጅ 209/1992 መሠረት ቅርስን ለመጠገን የቅርስ ባለሥልጣኑ ፈቃድ ያስፈልጋል። ማኅበራችሁን በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 አስመዝግቡ፤ ገንዘቡ በግል ስልክ ሳይሆን በሦስት ሰው ፊርማ በሚንቀሳቀስ የባንክ ሒሳብ ይግባ። ዕጣ ማውጣትም ፈቃድ ይጠይቃልና ባናውን ብትሸጡት ይሻላል።

እንግሊዝ አገር ቶርኔዶ የተባለውን የእንፋሎት ባቡር ከባዶ የሠሩት ሰዎች ደጋፊዎቻቸውን የጠየቁት በሳምንት የአንድ ብርጭቆ ቢራ ዋጋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990 ተነሥተው በ2008 አስኬዱት፤ ወደ 3 ሚሊዮን ፓውንድ ፈጀ። በየወሩ የማይቋረጥ ትንሽ ገንዘብ ነው ያደረሳቸው።

የባቡረኛው የልጅ ልጅ፣ ደብረ ብርሃን

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዕጣውን ትተናል፤ የቴሌብሩንም ቁጥር ከማስታወቂያው ላይ ዛሬ አውጥቼዋለሁ። ደብዳቤው እጃችን እስኪገባ ከማንም አንቀበልም። ጋሼ፣ ቅዳሜ ሸዋ ሮቢት እወርዳለሁ፤ ያነሣሁትን ፎቶግራፍ ይዩልኝ። በቆርቆሮ ሣጥኑ ውስጥ አያቴ የሥራ ነገር የመዘገቡበት ደብተርም አለ፤ ግማሹ በፈረንሳይኛ ስለሆነ አላነበብኩትም። የምድር ባቡርን ፈረንሳይኛ የሚያውቅ ሰው በአካባቢያችሁ ካለ ንገሩኝ፣ ያለበት ድረስ እመጣለሁ።