የሊ ኒንግ «ዌይ ኦፍ ዌድ 10» ጫማ አቧራ ባለበት ጂም ውስጥ እንዴት ነው?

የቅዳሜው ፎርዋርድ፦

ሰላም ለሁላችሁም። በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ በአንድ የማኅበረሰብ ማዕከል ጂም ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ቅርጫት ኳስ እንጫወታለን። ዕድሜዬ 38፣ ክብደቴ 92 ኪሎ ሲሆን፣ ከቅርጫቱ ሥር ስለምጫወት ከሩጫው ይልቅ መዝለሉና መጋፋቱ ይበዛብኛል። አብሮን የሚጫወት አንድ ወዳጄ ከሦስት ዓመት በፊት ገዝቶት አንድ ቀን እንኳ ያላጠለቀውን የሊ ኒንግ «ዌይ ኦፍ ዌድ 10» በ130 ዶላር ሊሰጠኝ ነው። እንደ ወጣ ሰሞን 225 ዶላር ይሸጥ ስለነበር ዋጋው አያጣላንም። ቡድናችን ውስጥ ግን ይህን ኩባንያ በስሙ የሚያውቀው ሰው ከሁለት አይበልጥም፤ የተቀሩት «የቻይና ጫማ» ብለው ከመሳቅ በቀር የሚነግሩኝ ነገር የለም።

የምጠይቀው ከልቤ ነው። ባለፈው ክረምት፣ ሁላችንም የምናውቀው የታላቅ ኩባንያ ጫማ አድርጌ፣ ሪባውንድ (ሳይገባ ከቅርጫቱ የተመለሰ ኳስ) ይዤ ስዞር ቀኝ እግሬ አዳልጦኝ ቁርጭምጭሚቴ ወለም አለና ስድስት ሳምንት ከሜዳ ራቅሁ። የጂማችን ወለል እንጨት ቢሆንም ዓርብ ማታ የዙምባ ዳንስ ስፖርት ስለሚካሄድበት ቅዳሜ ጠዋት ስንገባ አቧራው በዓይን ይታያል። ስለዚህ ይህ ጫማ እንዲህ ባለ ወለል ላይ መያዙን፣ ለስላሳ ነው የሚባለው የሶሉ ስፖንጅ በኔ ክብደት ሥር ወደ ጎን መተኛት አለመተኛቱን፣ ሦስት ዓመት በሳጥን የቆየ ጫማስ ሙጫው እስከ አሁን ይታመን እንደሆነ በእግሩ የሞከረው ሰው ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።

ነጥብ ጋርድ፦

እኔ ይህን ጫማ በሁለት የውድድር ዘመን ተጫውቼበታለሁ። ክብደቴ 74 ኪሎ ብቻ ስለሆነ የምነግርዎትን በዚያው ልክ ይውሰዱት።

በንጹሕ የእንጨት ወለል ላይ አያያዙ ግሩም ነው፤ በሙሉ ፍጥነት ሄጄ ለመተኮስ ቀጥ ስል ጎማው ይጮኻል፣ እግሬም እዚያው ይቀራል። አቧራ ላይ ግን ተአምር አይጠብቁ። የሚይዘው ጎማው ወለሉን ሲነካ ስለሆነ፣ በመካከላቸው አቧራ ከገባ ጎማው የሚረግጠው አቧራውን ነው፤ ለስላሳ ጎማ ደግሞ ወለሉን አጥብቆ እንደሚይዝ ሁሉ አቧራውንም አጥብቆ ይይዛል። የእኔ መላ ቀላል ነው። እርጥብ ፎጣ ከመስመሩ ውጭ አነጥፋለሁ፣ ኳስ በወጣ ቁጥር ሁለት ጊዜ ረግጬ እመለሳለሁ። ይህን ያደረግሁ ቀን ጫማው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ደቂቃ አንድ ዓይነት ነው፤ ፎጣውን የረሳሁ ቀን ደግሞ በሦስተኛው ጨዋታ ላይ ሶሉ የዱቄት ቤት ወለል ይመስላል።

ስፖንጁ ኩባንያው «ቡም» ብሎ የሚጠራው ነው። የተሠራው በውድ የማራቶን ጫማዎች ውስጥ ከሚገኘው ፔባክስ ከሚባለው ቁስ ሲሆን፣ በከፍተኛ ግፊት ጋዝ አስገብተው ስለሚነፉት ክብደቱ እጅግ ቀላል ነው፤ ተጭኖ ሲለቀቅም ቶሎ ወደ ቦታው ይመለሳል። በዚህ ጫማ ላይ ሁለት ንብርብር ሆኖ ከተረከዝ እስከ ጣት ተነጥፏል፤ በመካከሉም የካርቦን ሳህን (ስስ፣ ጠንካራ ዝርግ) አለ። ለስላሳ ስፖንጅ ብቻውን ቢሆን ሲረግጡት ይጣመም ነበር፤ ሳህኑ መኻሉን ቀጥ አድርጎ ይይዘዋል። በዚህ ምክንያት የመጀመሪያዎቹን ቀናት ከፊት በኩል ደረቅ ይሆንብዎታል። እኔ ጣቶቼ አልታጠፍ እያሉኝ በመጀመሪያው ሳምንት ልመልሰው አስቤ ነበር፤ በሦስተኛው ሳምንት ግን ነገሩን ረሳሁት።

በነገራችን ላይ፣ ጫማው በስሙ የተጠራለት ተጫዋች፣ ድዌይን ዌድ ራሱ፣ በዚህ ጫማ አንድም የኤንቢኤ (የአሜሪካ ሊግ) ጨዋታ አላደረገም። ከጆርዳን የጫማ ብራንድ ወጥቶ ወደ ሊ ኒንግ የገባው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው፣ የመጫወቻ ጫማውን የሰቀለው በ2019፤ 10ኛው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። «ዌድ ያደረገው» እያሉ ዋጋ የሚጨምሩ ሻጮች ካጋጠሙዎት ይህችን ይንገሯቸው። «የቻይና ጫማ» ለሚሉት ወዳጆችዎ ደግሞ የኩባንያው ስም የመሥራቹ ስም መሆኑን ይንገሩልኝ፤ ሊ ኒንግ እ.ኤ.አ. በ1984 በሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ በጂምናስቲክ ሦስት ወርቅ ጨምሮ ስድስት ሜዳሊያ የወሰደ፣ በ2008 ደግሞ በቤጂንግ በገመድ ተንጠልጥሎ የስታዲየሙን ጣሪያ ዙሪያ እየሮጠ ችቦውን የለኮሰ ሰው ነው።

አሠልጣኝ ከአዲስ አበባ፦

ወንድሜ፣ እግርህ በመዳኑ ደስ ብሎኛል። እኔ ልጆች የማሠለጥነው በአንድ ትምህርት ቤት ግቢ፣ በሲሚንቶ ሜዳ ላይ ስለሆነ፣ ስለ አያያዙ ከጋርዱ የተሻለ የምለው የለኝም። ነገር ግን ይህን ጫማ በበጋ ወደ ውጭ ሜዳ ይዘኸው እንዳትወጣ። ሲሚንቶ የጎማ ሞረድ ነው፤ ለጂም ተብሎ የተሠራ ለስላሳ ጎማ ከአውራ ጣት ሥር፣ ሰው ሲዞር በሚሽከረከርባት የብር ሳንቲም በምታህል ቦታ፣ መጀመሪያ መስመሩ ይጠፋል፣ ቀጥሎ ይለሰልሳል፣ ከዚያ ስፖንጁ ብቅ ይላል። የልጆቼን ጫማ ስመረምር የማየው ያቺን ቦታ ነው፤ ሌላው ሶል አዲስ መስሎ እሷ ካለቀች ጫማው አልቋል።

ስለ ሙጫው ጥያቄህ ተገቢ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ልጅ ከሳጥኑ ያልወጣ፣ የቆየ ጫማ መርካቶ ገዝቶ መጣ፤ የማን ሥራ እንደሆነ መናገሩ አይጠቅምም። ገና በማሟሟቂያው ላይ የግራው ሶል ከአፍንጫው ተላቅቆ እንደ ምላስ ተንጠለጠለ። ጫማ ሰፊ ጋ ወስደን ዙሪያውን አሰፋነው፤ ክሩ ግን ከሶሉ ሥር ስለሚወጣ ሲሚንቶው በሁለት ሳምንት በላው። በሙቀት የከረመ ሙጫ እንዲህ ይደርቃል፤ በየጊዜው ሲረገጥ ከመቆየት በሳጥን ተዘግቶ መክረም አንዳንድ ጊዜ ይብሳል።

ስለዚህ ገንዘቡን ከመስጠትህ በፊት ወዳጅህ ጫማውን የት እንዳስቀመጠው ጠይቀው። የመኝታ ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ ከሆነ መልካም፤ የመኪና የኋላ ኮፈን ወይም ጣሪያ ሥር ከሆነ ተጠንቀቅ። ከዚያ አፍንጫውን በአንድ እጅህ፣ ተረከዙን በሌላው ይዘህ ቀስ ብለህ እጠፈው፤ ሶሉና ላዩ የሚገናኙበትን መስመር በአውራ ጣትህ ጥፍር እየጫንህ ዙረው። ነጭ ደረቅ መስመር ከታየህ ወይም የመቀደድ ድምፅ ከሰማህ ተወው። ስፖንጁ ራሱ ብዙም አያሳስብህም፤ በቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ የሚፈረፈረው በአንዳንድ አሮጌ ጫማዎች ውስጥ የነበረው ፖሊዩሪቴን ነው፣ ፔባክስ እንደዚያ አይሆንም።

ሴንተር 104፦

እኔም ከባድ ነኝ፤ 104 ኪሎ። ዌይ ኦፍ ዌድ 10ን አድርጌ አላውቅም፣ ነገር ግን የስፖንጅ ነገር በኔ ላይ የተፈተነ ነው። ከባድ ሰው የሚጎዳው ስፖንጁ በመለስለሱ ሳይሆን ሶሉ ከእግሩ ጠቦ ሲገኝ ነው። ጫማውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣችሁ ከፊት ተመልከቱት፤ በትንሿ ጣት በኩል ሶሉ ከላዩ አልፎ ወደ ውጭ ወጣ ካለ፣ ወደ ጎን ስትገፉ የምትደገፉበት አለ ማለት ነው። እኩል ከሆነ ወይም ላዩ ሶሉን አልፎ ከተንጠለጠለ በነጻም አልወስደውም። ሁለተኛው ተረከዝ ነው። ክሩን እስከ መጨረሻው ቀዳዳ አስገብታችሁ አጥብቃችሁ እሰሩና ተረከዙ ከፍ ይል እንደሆነ በአንድ እግር ዝለሉ።

የጫማ አንገት ከፍ ካለ ቁርጭምጭሚት ይጠብቃል የሚለውን ግን ተዉት። የኤንቢኤው ኮከብ ኮቢ ብራያንት እ.ኤ.አ. በ2008–09 ዝቅ ያለ ጫማ አድርጎ ሻምፒዮን ሆኗል። ይህን ስል ግን ወለም ላለው ሰው የቁርጭምጭሚት ማሰሪያ አያስፈልገውም ማለቴ አይደለም፤ ማሰሪያው ከጫማው ውስጥ ቦታ ስለሚወስድ ጫማውን ስትለካ ከማሰሪያው ጋር ለካው።

የቅዳሜው ፎርዋርድ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ ወዳጄን ጠይቄው ጫማውን ያስቀመጠው አልጋው ሥር እንደሆነ ነግሮኛል፤ ትናንት ማታ ቤቱ ሄጄ እንዳሉኝ አጥፌ አየሁት፣ ነጭ መስመርም ድምፅም የለውም። በትንሿ ጣት በኩልም ሶሉ ወጣ ብሏል። ያልጠበቅሁት ችግር የቁጥሩ ሆነ። እኔ ሁልጊዜ የማደርገው የአሜሪካ 10 ቁጥር ነው፣ ሳጥኑም ላይ 10 ይላል፤ ነገር ግን ከማሰሪያው ጋር ሳደርገው የቀኙ አውራ ጣቴ ጫፉን ይነካል።

ነጥብ ጋርድ፦

ቁጥሩን ይተዉት፣ ሚሊሜትሩን ይመልከቱ። ከሳጥኑ ጎንና ከምላሱ ውስጥ ተጽፎ ያገኙታል። ማታ፣ እግርዎ ከድካም አበጥ ባለበት ሰዓት፣ ተረከዝዎን ግድግዳ አስጠግተው ወረቀት ላይ ይቁሙና ረጅሙ ጣት ጋ ምልክት ያድርጉ፤ ሁለቱንም እግር ይለኩ፣ የሚቆጠረው ትልቁ ነው። ሚሊሜትሩ ከጫማው እኩል ከሆነ፣ ማሰሪያው ሲጨመርበት ይጠብዎታል። ይህ ጫማ ደግሞ በርዝመት አይለቅም፤ የሚለቀው ላዩ ነው፣ እሱም ወደ ጎን።

የቅዳሜው ፎርዋርድ፦

ለካሁት። ቀኜ ከግራዬ በአራት ሚሊሜትር ይበልጣል፤ በ38 ዓመቴ ገና ዛሬ ማወቄ ነው። ወዳጄ አንድ ቅዳሜ ሞክረህ መልስልኝ ብሎኛል፤ ስለዚህ በቀጭን ካልሲና ከጫማው ጋር የመጣውን የውስጥ ንጣፍ በሌላ ስስ ንጣፍ ቀይሬ አንድ ጨዋታ ብቻ ልሞክረው ነው።

ሴንተር 104፦

ንጣፉን ካሳሳኸው ተረከዝህ ከአንገቱ ዝቅ ስለሚል መጀመሪያ የዘለልኸውን የአንድ እግር ዝላይ እንደ ገና ዝለል። ፎጣውንም እንዳትረሳ።