የሃኖይ ሮክስ የ1984 አልበም፦ ያገዘፈው ሙዚቃው ነው ወይስ የራዝል ሞት?

ቴፕ ሰብሳቢ፦
ሰላም ቤተሰብ። ሰሞኑን አንድ አልበም ይዞኛል። የፊንላንዱ ባንድ ሃኖይ ሮክስ በ1984 ያወጣው «ቱ ስቴፕስ ፍሮም ዘ ሙቭ» ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው)። ያኔ ፀጉራቸውን አንጨባረው፣ ተኳኩለው መድረክ የሚወጡ ባንዶች ነበሩ፣ ሄር ሜታል የሚባሉት። ስለነሱ ሲነሳ ሁሉም ሞትሊ ክሩንና ፖይዘንን ይጠራል። ሃኖይ ሮክስን የሚጠራ የለም። ከተጠሩም በድራመራቸው በራዝል ሞት ነው።

ለማታውቁት ባጭሩ፦ ዲሴምበር 8 ቀን 1984፣ ሎስ አንጀለስ አጠገብ ሬዶንዶ ቢች ላይ፣ የሞትሊ ክሩው ድምፃዊ ቪንስ ኒል ጠጥቶ ሲነዳ ተጋጨ። መጠጥ ሊጨምሩ ወጥተው ነው። አብሮት የነበረው ራዝል ሞተ፣ ገና 24 ዓመቱ ነበር። በሌላኛው መኪና የነበሩ ሁለት ሰዎችም ክፉኛ ተጎዱ። በቀጣዩ ዓመት ሃኖይ ሮክስ ፈረሰ።

የኔ አቋም ግልጽ ነው። አደጋው ይህን አልበም አላገዘፈውም። ሸፈነው። የሚቃወም ካለ ይምጣ።

ኩራዝ፦
እኔ እቃወማለሁ። ራዝል ባይሞት ይህን አልበም ዛሬ ማን ያነሳው ነበር? መክፈቻው «አፕ አራውንድ ዘ ቤንድ» የክሪደንስ ክሊርዋተር ሪቫይቫል ዘፈን ነው፣ በ1970 የወጣ። «ዶንት ዩ ኤቨር ሊቭ ሚ»ንም ከመጀመሪያው አልበማቸው አምጥተው ነው እንደገና የሠሩት። አምስተኛ አልበም ላይ ደርሰህ የሰው ዘፈንና የራስህን አሮጌ ዘፈን ታቀርባለህ? ጥሩ ባንድ ነበሩ፣ አልክድም። ትልቅ አልበም የሚለው ግን ከሐዘን የመጣ ነው።

ቴፕ ሰብሳቢ፦
ኩራዝ፣ የ«ዶንት ዩ ኤቨር ሊቭ ሚ»ን ሁለቱን ቅጂ አከታትለህ ስማቸው። የ1981ዱ ጥሬ ነው፣ ልምምድ ላይ የተቀዳ ይመስላል። የ1984ቱ ሌላ ነገር ነው። ፕሮዲዩሰሩ ቦብ ኤዝሪን ነው፣ ከአሊስ ኩፐር ጋር የሠራው፣ የፒንክ ፍሎይድ «ዘ ዎል» ላይ እጁ ያለበት ሰው። አዝማቹን በድምፅ ላይ ድምፅ እየደረበ አወፈረው፣ ግን የድምፃዊያቸውን የማይክል ሞንሮን ሻካራ ድምፅ አልሞረደውም። ሳክስፎኑንና ሃርሞኒካውንም አልጣለም። በዚያ ዘመን ፀጉሩን አንጨባሮ ሳክስፎን የሚነፋ የሮክ ድምፃዊ ስንት ታውቃለህ?

ባለጊታሯ፦
እኔ ከቴፕ ሰብሳቢ ጋር ነኝ። እንዲያውም ልጨምር፣ የሄር ሜታል አባቶች እነዚህ ናቸው። የአሜሪካኖቹ ባንድ ጋንስ ኤን ሮዝስ ታዋቂ ከሆኑ በኋላ የሃኖይ ሮክስን የቆዩ አልበሞች በራሳቸው ሌብል (የሙዚቃ አሳታሚ) አሜሪካ ውስጥ እንደገና አሳተሙላቸው። በ1991 ደግሞ «ባድ ኦብሴሽን» የሚለው ዘፈናቸው ላይ ሞንሮን ጠርተው ሳክስፎንና ሃርሞኒካ አስነፉት። ማንም የማያውቀውን ባንድ በገዛ ገንዘቡ የሚያሳትም ሰው ዕዳ እንዳለበት ስለሚያውቅ ነው።

የሸክላ ወዳጅ፦
ልጄ፣ ስለ ጋንስ ኤን ሮዝስ ያልሽው ልክ ነው። «አባት» የምትለዋን ግን አነሳባታለሁ። ክዋየት ራየት የሚባለው ባንድ አልበም «ሜታል ሄልዝ» በኖቬምበር 1983 አሜሪካ ውስጥ አንደኛ ወጥቷል። የሞትሊ ክሩ «ሻውት አት ዘ ዴቭል»ም የዚያው ዓመት ነው። እናንተ የምታወሩት አልበም ሲወጣ ቤቱ ተሠርቶ አልቋል። ኩሉንና ሊፒስቲኩንም ቢሆን ኒው ዮርክ ዶልስ የሚባሉት ባንድ ከዚያ አሥር ዓመት ቀድመው ተቀብተውታል። እኔ እንደሚሰማኝ ሃኖይ ሮክስ ከሄር ሜታል ይልቅ ለዶልስ ይቀርባሉ። መደርደሪያዬ ላይም እዚያው ጎን ነው የማስቀምጣቸው።

ባለጊታሯ፦
ጋሼ፣ በዓመተ ምሕረቱ አሸነፉኝ። «አባት» የሚለውን መልሼ ወስጃለሁ። ግን በ1983ና በ1988 የነበረውን የሎስ አንጀለስ ባንድ ፎቶ አጠገብ ለአጠገብ ያስቀምጡ። የመጀመሪያው ቆዳና ብረት ነው፣ ሁለተኛው ሻርፕ፣ ባርኔጣና የተቀዳደደ ልብስ። ያ ከሄልሲንኪ ልጆች የመጣ ነው፣ ከዚህ አልወርድም።

የሌሊት ሾፌር፦
ይቅርታ፣ ስለ ልብስ ስታወሩ እኔ ያቺ የቪንስ ኒል ፍርድ አልፋ አትሄድልኝም። ኑሮዬ መሪ ላይ ነው፣ ለዚያ ይሆናል። ሰው ሞቶ፣ ሁለት ሰው ተጎድቶ፣ የተፈረደው 30 ቀን እስር፣ 200 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎትና 2.6 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ነው። 30ውን ቀን እንኳ ሳይጨርስ ወጣ። ሞትሊ ክሩ ቀጣዩን አልበማቸውን ለራዝል መታሰቢያ አደረጉ፣ እሺ። ግን በ2003 የሥራዎቻቸውን ስብስብ ሲያወጡ ርዕሱን ምን አሉት? «መኪና እያጋጩ የሚሰሙት ሙዚቃ» እንደማለት ነው። ይህን ሳነብ ሆዴ ተገለባበጠ። እኔ ከዚያ ወዲህ ሞትሊ ክሩን አልሰማም። አንዱን ባንድ ረስተን ሌላውን ስታዲየም የምንሞላለት ከሆነ ክርክሩ የአልበም ብቻ አይደለም።

ኩራዝ፦
በፍርዱ እስማማለሁ፣ ቀላል ነበር። ግን ወንድሜ፣ ይሄ እኮ የኔን ሐሳብ ነው የሚደግፈው። የተቆጣኸው በአደጋው ነው። ስለ ዘፈኖቹ አንድ ቃል አልተናገርክም።

የሌሊት ሾፌር፦
እውነትህን ነው። ከዚሁ አልበም «ቡልቫርድ ኦቭ ብሮክን ድሪምስ»ን ሌሊት ስነዳ እሰማዋለሁ። እወደዋለሁ። ከዚህ በላይ መተንተን የናንተ ሥራ ነው።

ከበሮ መቺ፦
ሁላችሁም ስለ ራዝል ሞት አወራችሁ፣ ስለ ከበሮ አመታቱ አንድም ሰው አላወራም። የመጣው ከእንግሊዝ የፓንክ ባንዶች ነው፣ ያም ይሰማል። አያወሳስብም፣ መሀል ላይ ችሎታውን ለማሳየት ብሎ ዘፈኑን አያቆምም፣ ዝም ብሎ ወደፊት ይገፋል፣ ኤዝሪን ደግሞ ያን ግፊት ከፊት አውጥቶ ስላስቀመጠው «አንደርዋተር ወርልድ»ን ስትሰሙ ጊታሮቹ ከበሮው ላይ ተሳፍረው የሚሄዱ ነው የሚመስለው። አንድ ነገር ደግሞ ልንገራችሁ። «ሰልፍ ዲስትራክሽን ብሉዝ» የሚባለው አልበማቸው ሽፋን ላይ የራዝል ፎቶ አለ፣ ከበሮውን የመታው ግን እሱ አይደለም፣ ከሱ በፊት የነበረው ልጅ ነው። ራዝል በእጁ የመታባቸው የስቱዲዮ አልበሞች ሁለት ብቻ ናቸው፣ የ1983ቱ «ባክ ቱ ሚስትሪ ሲቲ»ና ይሄኛው። ከሞተ በኋላ የእንግሊዙ ባንድ የክላሽ ድራመር የነበረው ቴሪ ቻይምስ ተተካ፣ ትልቅ ድራመር ነው፣ ባንዱ ግን አልዘለቀም። እንግዲህ ኩራዝ፣ አልበሙ ከሐዘን የመጣ ነው ካልክ፣ ሐዘኑስ ከምን መጣ? ከዚህ አመታት ነው።

ቴፕ ሰብሳቢ፦
ይሄን እኔ ነበርኩ መጀመሪያ ላይ መጻፍ የነበረብኝ። አደጋው ሲደርስ ደግሞ አሜሪካ ገና መግባታቸው ነበር። ሞንሮ ቁርጭምጭሚቱ ተሰብሮ ኮንሰርት ስለተሰረዘ ነው ባዶ ቀን ያገኙት።

ኩራዝ፦
ከበሮ መቺ፣ «አንደርዋተር ወርልድ»ን አሁን ከፍቼ ሰማሁት። ስለ ከበሮው ተሸንፌአለሁ። ትንሽ ቆይቶ ግን «ሚሊዮን ማይልስ አዌይ» አለ። ሲቀዳ ራዝል በሕይወት ነበር፣ ስለ ሞቱ የተዘፈነ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። ያለ እሱ ሞት ልሰማው አልቻልኩም። እናንተ ትችላላችሁ?