የካርት የኋላ አክስል በእጅ ሲዞር ቶሎ ይቆማል፦ ኩሽኔታው ነው ወይስ አሰላለፉ?

ጠያቂ፦ ሁለት_ምት
ሰላም ለሁላችሁ። ካርቱ (ትንሿ የውድድር መኪና) ሮታክስ ሲኒየር በሚባለው የሞተር ምድብ ነው፣ ኤምሬትስ ውስጥ አል አይን ላይ ይሮጣል። የኋላ አክስሉ 50 ሚሊ ሜትር ሲሆን በሦስት ኩሽኔታ ተይዟል። ስታንድ ላይ ሆኖ ጎማውን በእጅ ስገፋው ሁለት ዙር ሳይሞላ ይቆማል። ኩሽኔታዎቹ ውስጥ አሸዋ ገብቷል፤ አክስሉም፣ ኩሽኔታውን ከእሱ ጋር የሚያጣብቁት ትንንሽ ቪቴዎች የተዉት ጠባሳ እየያዘው፣ ካልተመታ አይወጣም። ሦስቱንም ልቀይር ወይስ አጥቤ ልመልሳቸው? ግራሶ ወይስ ዘይት? ሃቡ (ጎማው አክስሉ ላይ የሚታሰርበት ክፍል) ሲታሰርስ ምን ልጠንቀቅ?

መልስ፦ ኩሽኔታ_ቤት
ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት የሚይዘው የትኛው እንደሆነ ለይ። ካቴናውን አውልቅ፣ የፍሬን ሸራው ዲስኩን እንዳይነካ ወደ ኋላ ግፋው፣ ከዚያ አክስሉን አዙር። ያኔ ነፃ ከሆነ ጥፋቱ የኩሽኔታው አይደለም፤ ችግሩ ካቴናው ወይም ፍሬኑ ነው።

አሁንም ከያዘ የሦስቱንም ኩሽኔታ ቤት ቡሎኖች ከሻንሲው ላይ አላላ፣ አታውጣቸው። እንዲህ ሲላላ አክስሉ በነፃነት ከዞረ ኩሽኔታህ ደህና ነው፤ የተበላሸው አሰላለፉ ነው። ከላላም በኋላ ከቆረቆረ ወይም ከከበደ ግን ጥፋቱ ከኩሽኔታው ነው።

ለማሰለፍ፦ ሦስቱም ቤቶች በአንድ ከፍታ ላይ መሆናቸውን እይ። ከፍታ በችኮላ ሲቀየር አንዱ ቤት በሌላ ቀዳዳ ቀርቶ ይገኛል። ቀጥሎ የሁለቱን ዳር ቡሎኖች በየተራ ጥቂት በጥቂት አጥብቅ፤ በየጊዜው አክስሉን አዙር። ሁለቱ ጠብቀው በነፃነት ከዞረ የመካከለኛውን አስከትል። እሱ ሲጠብቅ ብቻ ከያዘ ወይ ቤቱ ተጣሟል ወይ ሻንሲው ታጥፏል። የኩሽኔታው የውጭ ቀለበት ክብ ጀርባ ስላለው ጥቂት መዘንበልን ራሱ ያስተካክላል፤ ከመስመር የወጣን ቤት ግን አያድንህም። የሚገርመው፣ ብዙ ሰው አዲስ ኩሽኔታ ገዝቶ በዚያው በተጣመመ ቤት ያስገባውና ከአንድ ውድድር በኋላ «ጥራት የለውም» ይላል።

መልስ፦ ፒት_ሌን
አሰላለፉ ላይ እስማማለሁ። የቪቴውን ጉዳይ ልጨምር፤ አክስል የሚያበላሸው በዋናነት እሱ ነው።

የ50 አክስል ግድግዳ 2 ሚሊ ሜትር አካባቢ ብቻ ነው። ቪቴው በረጅም አለን ኪ ከተጠመዘዘ ብረቱን ይቆፍራል፣ ዙሪያውንም ያሳብጣል። አክስልህ በመዶሻ ካልሆነ የማይወጣውም በዚህ እብጠት ምክንያት ነው። ከመምታትህ በፊት ቪቴዎቹን ሙሉ በሙሉ አውጣ፣ እብጠቱን በጥሩ ሞረድ ከዚያም በብርጭቆ ወረቀት አስተካክል። መዶሻ ግድ ከሆነ የፕላስቲክ ይሁን፣ የምትመታውም የአክስሉን ጫፍ እንጂ ኩሽኔታውን አይደለም። የብረት ኳሶቹ ከጎን በመጣ ምት ቀለበቱ ላይ ነጥብ ይተዋሉ፤ ከዚያ በኋላ ማጠብ ዋጋ የለውም።

ስትመልስ የዳር ኩሽኔታዎች ብቻ በቪቴ ይያዙ። የመካከለኛውን ቪቴ አውጣው፤ አላልቶ መተው ተፈናጥሮ እንዲወጣ መጋበዝ ነው። ክሩን አጽዳ፣ አንዲት ጠብታ መካከለኛ ሎክታይት (ክር እንዳይላላ የሚይዝ ሙጫ) አድርግ፣ ሁለቱን ቪቴዎች በየተራ በአለን ኪው አጭር ክንድ አጥብቅ። ጫፉ የደነዘዘ ቪቴ አይይዝም፤ ርካሽ ነው፣ ጣለው። ቪቴው ሲላላ አክስሉ ወደ ጎን ይሸሻል፣ የኋላው ጥርስ ከሞተሩ ጥርስ ጋር መስመር ያጣል፣ ካቴናውም ይዘላል። የውስጥ ቀለበቱም አክስሉ ላይ መዞር ይጀምራል፤ አክስሉ ላይ ሰማያዊ ቀለም ካየህ ይህ ደርሷል ማለት ነው።

መልስ፦ ናፍታ_እና_ጨርቅ
ማጠብ፦ የላስቲክ ሽፋን ከሆነ በቀጭን ጫፍ ከዳሩ አንሳው፤ የብረት ሽፋን ከሆነ አትንካው። በቤንዚን ወይም በናፍታ እጠበው፣ አሸዋው እስኪወጣ አዟዙረው። በኮምፕረሰር ስታደርቅ የውስጥ ቀለበቱን በጣትህ ያዝ። አየሩ ያለ ዘይት ካሽከረከረው ኳሱና መንገዱ ይቧጨራሉ፤ ድምፁ ደስ ይላል እንጂ። ከዚያ በቀስታ አዙረህ ዳስሰው፦ የሚቆረቁር፣ የዛገ ወይም የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ጣለው። ሦስቱን በአንድ ላይ መቀየር ግን ግዴታ አይደለም፤ የሞተውን ብቻ ቀይር።

ለውድድር ጥቂት ጠብታ ቀጭን ዘይት ይበቃል፣ በየቀኑ ግን ይታደሳል። ለረጅም ልምምድ ግራሶ ይሻላል፤ ባዶ ቦታውን ሲሶ ያህል ብቻ ሙላ፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ይሞቃል፣ ይከብዳልም። በአሸዋ አገር ከመጠን ያለፈ ዘይት አቧራ ሰብስቦ መፍጫ ይሆናል፤ ውጭውን በጨርቅ ጠራርገው። የከፍተኛ ግፊት ውኃንም ወደ ኩሽኔታ አታቅና።

መልስ፦ ፒት_ሌን
ናፍታ_እና_ጨርቅ፣ በፍሬን በኩል ላለው ኩሽኔታ በግራሶው አልስማማም። የዲስኩ ሙቀት ተራውን ግራሶ ያቀልጠዋል፣ የፈሰሰው ደግሞ ዲስክ ላይ ይረጫል። ካስፈለገ ሙቀት የሚቋቋም ይሁን።

ሃቡን በተመለከተ፦ አክስሉንና የሃቡን ውስጥ አጽዳ፣ ዘይት አትቀባ። ኪዩ (ሃቡ አክስሉ ላይ እንዳይሽከረከር የሚይዘው ትንሽ ብረት) ቦዩ ውስጥ ሳይላላ ይቀመጥ፤ ከላላ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ቦዩን ያሰፋዋል። ሃቡ ከአክስሉ ጫፍ ወጥቶ በግማሽ ብቻ ከተያዘ ይወዛወዛል፤ ስፋት ለመጨመር ብለህ ይህን አታድርግ፣ የሚፈቀደው ጠቅላላ ስፋት 140 ሴንቲ ሜትር ነው። ግራና ቀኙን ከሻንሲው እስከ ሃቡ ፊት ለካ፣ እኩል ይሁን። የማጥበቂያውን ኃይል አምራቹ በሰጠው ልክ በቶርክ ሬንች አድርገው፤ ማግኒዥየም ሃብ ክሩ ቶሎ ይበላል። ከመጀመሪያው ዙር በኋላ እንደገና ፈትሽ፤ ስንጥቅ ካለ የሚጀምረው ሃቡ ሲጠብቅ ከሚገጥመው ስንጣቂ ጫፍ ስለሆነ እዚያ እይ።

ጠያቂ፦ ሁለት_ምት
አመሰግናለሁ። ቡሎኖቹን ሳላላ ነፃ ሆነ፣ የመካከለኛው ሲጠብቅ ብቻ ይይዛል። አክስሉ ራሱ መታጠፉን በምን ላረጋግጥ?

መልስ፦ ኩሽኔታ_ቤት
ሃቦቹን አውጣ፣ ዲያል ጌጅ (ጥቃቅን መዛባትን በመርፌ የሚያሳይ መለኪያ) የአክስሉ ጫፍ ላይ አስቀምጥና በቀስታ አዙር። ጌጅ ከሌለህ ሽቦ ሻንሲው ላይ አስረህ ወደ አክስሉ አስጠጋ፤ ክፍተቱ በዙሩ መካከል ሰፋ ጠበብ ካለ ታጥፏል። ቀጥ ካለ የመካከለኛውን ቤት አውጥተህ ጠፍጣፋ መስታወት ላይ ሞክረው፤ የሚወዛወዝ ከሆነ ቤቱን ቀይር።